ማዶ ተመልከቺ

የልጅ ልጄን ድንቢጥ ነው የምላት። ስትወለድ ከሁለት መዳፌ የማትተርፍ ነበረች። ዛሬ ጎንበስ ካላለች በሩ ግንባሯን ይመታታል፣ ስሟ ግን ያው ነው። እኔ ያወጣሁትን ስም ቁመት አያስለውጠኝም።

ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው ሥራዋ ጸጥታ ስለሚፈልግ እንደሆነ ነገረችኝ። ጸጥታ ፍለጋ መጋረጃ ሰፊ ቤት የመጣች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። የእኔ የስፌት መኪና ሲነሳ ከታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ ያነሳል። እሷ ግን "እማማ፣ የመኪናሽ ድምፅ እንደ ዝናብ ነው፤ ሥራ ያሠራኛል" ትላለች። ውሸት ብትሆንም ደስ የምትል ውሸት ናት፤ ተቀበልኳት።

ሥራዋ ሥዕል ማንቀሳቀስ ነው። ለልጆች የሚታይ ካርቱን። አውቶቡስ የምትነዳ ዶሮ አለች፤ ተሳፋሪዎቿ ዳክዬዎች፣ አንዲት ኩሩ ፍየል፣ አንድ ደግሞ ገና ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" እያለ የሚያስቆም አህያ። ዶሮዋ አንዴ መሪ እንድትጠመዝዝ ድንቢጥ ክንፏን በጥቂት በጥቂቱ እያዘነበለች ደጋግማ ትሥላታለች። እኔ ለአንድ እጥፋት ስንቴ ካውያ እንደማነሳ ስለማውቅ ይህን ሥራ ቀላል ነው አልልም። ልዩነቱ እኔ የማየው ጨርቅ ነው፤ እሷ የምታየው መብራት ነው። ጠዋት ላፕቶፑን ትከፍትና አፍንጫዋን ትተክልበታለች። ሻይዋ አጠገቧ ይበርዳል፤ እኔ አሙቄ አመጣዋለሁ፤ እንደገና ይበርዳል። ሻዩ በመመላለስ ከእኔ የበለጠ ደከመ።

ካርቱኑን የሚያሠራው የፊልም ቤት ሰዎች ሥራውን የሰጧት ለሙከራ ነው። በወሩ መጨረሻ ጨርሳ ካስረከበችና ከወደዱላት ቋሚ ሠራተኛቸው ትሆናለች። ካልሆነ ግን አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ በቀለም መደብሩ ባንኮኒ ጀርባ ወንበር አዘጋጅቶ እየጠበቃት ነበር። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ስለሚወድ ነው፤ የሚወደውን ነገር ሁሉ ደግሞ መደብሩ ውስጥ ማስቀመጥ ይፈልጋል።

ድንቢጥ በመጀመሪያ ዓይኗን ማሸት ጀመረች። ቀጥሎ ግንባሯን ይዛ መቀመጥ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣

"እማማ፣ ዶሮዋ ሁለት ሆነችብኝ" አለችኝ።

"ታዲያ ሁለት አውቶቡስ ሳዪላቸዋ!" አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ግን ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷን ቀና አድርጌ ዓይኗን ባየው ቀይ ክር የተጠለፈበት ነጠላ መስሏል።

የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ግንባሯን በሻሽ ጠፈርኩላት። ውኃ እየቀዳሁ አጠጣኋት። ተቆጣኋት። ላፕቶፑንም ሰደብኩት፤ እሱ ግን የሚያፍር ዕቃ አይደለም።

ልጄ እሁድ ሲመጣ ግንባሯ ላይ ሻሽ፣ ዓይኗ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጋ ሶፋው ላይ ተዘርግታ አገኛት። ቆሞ አያት።

"ይሄ ሥራ ነው በይኛ! ሰው ቁጭ ብሎ እየሠራ እንደ ቁስለኛ ይተኛል?"

"አባዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ።"

"እስከዚያ ድረስ ዓይን ይተርፍሻል? እኔ ጋ ነይ። ቀለም ራስ አያሳምም።"

"ሽታውስ?" አልኩት ከማብሰያው ቤት።

"እማዬ፣ ደግሞ አንቺ የማን ወገን ነሽ?"

"የዓይኗ!"

ድንቢጥ ጨርቁን ከዓይኗ ላይ አነሳችና ተነስታ ተቀመጠች። "እሺ አባዬ" አለች። "በወሩ መጨረሻ ካላስረከብኩ ባንኮኒህ ጋ እመጣለሁ፤ ቃሌ ነው። ካስረከብኩ ግን ዳግመኛ ይህን ወንበር አታነሳብኝም።" እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። የእኔ ልጅ ቃል ይዞ የሚለቅ ሰው አይደለም፤ ልጁም ያው እሱን ናት። እኔም ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ችግሩ ብርሃን ነው። ብርሃንን በማባረር ደግሞ በዚህ ሰፈር ከእኔ የሚስተካከል የለም። ስንት ሙሽራ፣ ስንት አራስ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ስንት ዘበኛ በእኔ መጋረጃ እንቅልፉን አግኝቷል! ያለኝን ምርጥ ከፋይ አወጣሁ፤ ከሥሩ ጥቁር ገበር ደረብኩ፤ ነፋስ እንዳያነሳው ጠርዙ ላይ ክብደት ሰፋሁበት። ስሰፋ እያንጎራጎርኩ ነበር። በክፍሏ መስኮት ላይ ስሰቅለው ቀትር ላይ ቤቱ ጓዳ ሆነ። ላፕቶፑ ብቻ በጨለማው መሀል እንደ መኪና መብራት ቦግ አለ።

"አሁን ሌላ ብርሃን አይረብሽሽም" አልኳት።

አቅፋ ሳመችኝ። "እማማዬ፣ እጅሽ ይባረክ" አለች።

ባሰባት። ቀድሞ ማታ ማታ የነበረው ራስ ምታት ጠዋት መምጣት ጀመረ። ዶሮዋ መሪዋን እንደያዘች፣ አውቶቡሷ ሊሻገረው የነበረው ድልድይ አፍ ላይ ቆማ ቀረች። ድንቢጥ አልጋዋ ላይ ተንጋላ፣ ክንዷን ዓይኗ ላይ ጥላ፣ "እማማ፣ ሥራውን ልመልስላቸው መሰለኝ" አለች ቀስ ብላ። በዚህ ቤት ቀስ ተብሎ የተነገረ ነገር አልወድም። ጮክ ብሎ የሚያማርር ሰው ገና ተስፋ አለው።

"ተነሽ፤ ጫማሽን አድርጊ" አልኳት። "የምትመልሺውን ከሐኪም መልስ በኋላ ትመልሻለሽ።"

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና የልጅነት ጉንጭ አላት፤ እጇ ግን የሚታመን እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ድንቢጥን ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አስነበበቻት፤ በመሣሪያዋ ጎንበስ ብላ ውስጥ ውስጡን አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

"ዓይኗ ጤነኛ ነው" አለች።

"ታዲያ ራሷን ማን እየመታት ነው?" አልኳት።

"እማማ፣ ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን መርገብገብ ይረሳል። ዓይኗ የሚደርቀው ለዚያ ነው። ደግሞ ዓይን ቅርቡን ለማየት በውስጡ ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል። ክንድዎን ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ቢውሉ ትከሻዎ ምን ይላል?"

"ይሳደባል።"

"የእሷም እየተሳደበ ነው" አለችና ወደ ድንቢጥ ዞረች። "የምትሠሪበት ክፍል እንዴት ነው? ብርሃን አለው?"

ድንቢጥ ጫማዋን አየች። "አለው… ማለቴ፣ ነበረው።"

"ነበረው?"

"መጋረጃ አለ።"

"ወፍራም ነው?"

ያቺ ልጅ ዝም አለች። እኔ ግን ስለ ሥራዬ ሲጠየቅ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። "ወፍራም ብቻ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ድርብ ከፋይ ነው፣ ጥቁር ገበር ያለው። ቀትር ላይ እንኳ መርፌ ውስጥ ክር አታስገቢበትም!"

ሐኪሟ አልሳቀችብኝም፤ ለዚህ ነው የምወዳት። ተነስታ የክፍሉን መብራት አጠፋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ስልኳን አብርታ ከፊቴ ያዘችው። "እስኪ ይህን ያንብቡልኝ" አለች። ዓይኔ ራሱ ተኮማተረ። ውኃ አቀረረ። ግንባሬ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ከዚያ መብራቱን አበራችና ያንኑ ስልክ እዚያው ቦታ ያዘችው። ምንም አልነበረም፤ ተራ ስልክ ነው።

"ክፍሉ ሲጨልም ስክሪኑ ይወጋል" አለች። "ዓይን ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲዘል ይውላል።"

የገባኝ ነገር ላይ አልከራከርም፤ ጊዜ የለኝም። "እኔ ነኝ የሰቀልኩት" አልኳት። "ሌላስ ምን ላድርግ?"

ላፕቶፑ ከፊቷ ራቅ፣ ከዓይኗ ትንሽ ዝቅ ይበል አለች። መስኮቱ ከጎኗ ይሁን። ዓይን የሚያረጥብ ጠብታ ጻፈችላት። "ከሁሉም በላይ ግን" አለች፣ "በየመሀሉ ቀና ብላ ሩቅ ትይ። ግድግዳ አይደለም፤ ሩቅ። ራስ ምታቱ እንደዚህ አድርጋም ካልተዋት ተመልሳ ትምጣ፣ እንደገና አያታለሁ።"

መንገድ ላይ ክንዷን ቆነጠጥኳት። "ብሶብሽ ሳለ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እያንጎራጎርሽ የሰፋሽውን እንዴት አውርጂው ልበልሽ?"

"እና ለእኔ መጋረጃ ብለሽ ልትታወሪ?"

"ትታወራለች እኮ አላለችም ሐኪሟ!"

"እኔ ነኝ ያልኩት!"

መንገደኛው እስኪዞር ድረስ ሳቅን። እሷም ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን አልያዘችም።

መጋረጃውን ያወረድኩት ራሴ ነኝ። ድንቢጥ ወንበር ስትስብ "ዞር በይ፤ የእኔን ሥራ ሌላ ሰው አያወርደውም" አልኳት። ብርሃኑ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አቧራ ሁሉ አፍሮ የሚሄድበት ጠፋው። ጠረጴዛውን አዙረን መስኮቱን ከጎን አደረግነው። ላፕቶፑ ራቅ አለ። ዶሮዋም ድልድዩን ጀመረች።

ሩቅ ማየቱ ግን እንቢ አለ። እኔ ከማብሰያው ቤት "ቀና በይ!" እላለሁ፤ እሷ "እሺ እማማ" ትላለች፣ አንገቷ ግን አይነቃነቅም። ስልኳ እንዲጮህ አደረገች፤ ሲጮህ ሳታየው በጣቷ ታፍነዋለች። "ምን አለበት ቀና ብትዪ?" ስላት "ምን አለ የሚታይ? ግንብ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰው በሚወደው ሥራ መሀል ለግንብ ብሎ አንገቱን አያቀናም። የሚታይ ነገር መገኘት አለበት።

መስኮቱ ላይ ቆሜ ማዶውን ቃኘሁት። ግንብ፣ የልብስ ማድረቂያ ገመድ፣ የውኃ ታንከር። ከዚያ በረንዳ ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ የተቀመጠ ሰውዬ። ሰፈሩ ፊሽካ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ አደባባይ መሀል ቆሞ መኪና ሲያስቆም የኖረ ትራፊክ ፖሊስ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ የሚያስቆመው ነገር አጥቶ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። እኔና እሱ አንነጋገርም። መጋረጃ ሰፍቼለት "አጥሯል፣ ወለሉን አይነካም" ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። እኔም "መጋረጃዬ አላጠረም፤ የእርስዎ ወለል ነው የወረደው" አልኩት። ሰቅሎት ይኖራል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ደግሞ "እዩት፣ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል" እያለ እንደሚያሳይ ሰምቻለሁ።

ሌላ የሚታይ ነገር ብፈልግ አጣሁ። ሻርፔን ጣል አድርጌ መንገዱን ተሻገርኩ።

በሩን ሲከፍት ደነገጠ። "እትዬ! ምነው በደህና?"

"በደህና ነው። የልጅ ልጄ ዓይን ታሟል። ሩቅ የምታየው ነገር ያስፈልጋታል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"በረንዳዎ ላይ ይታዩላት። እጅዎን ያወናጭፉ፤ እንደ ድሮው። ቁም፣ እለፍ፣ ወደ ግራ። እሷ ያሳዩትን ትናገራለች።"

ፂሙን አሻሸ። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ፤ ሰውዬው ግን ተንኮለኛ ነው። "አደርጋለሁ" አለ። "ብቻ አንድ ነገር ይበሉልኝ።"

"ምን?"

"መጋረጃው አጥሯል ይበሉ።"

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ዞሬ ልሄድ ነበር። ወሩ ሊያልቅ የቀረውን ጊዜ አሰብኩ። የቀለሙን ባንኮኒ አሰብኩ፤ ያቺ ልጅ ከጀርባው ተቀምጣ ቡናማና ግራጫ ስትሸጥ ታየችኝ።

"አጥሯል" አልኩ በጥርሴ መሀል።

"አልሰማሁም።"

"ጆሮዎን ደግሞ እኔ ነኝ የጋረድኩት? አጥሯል!"

ሰውዬው እየሳቀ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ ኮቱን ቆልፎ "መቼ ልጀምር?" አለ፤ ሃያ ዓመት የቀነሰ መሰለኝ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ኮፍያ አድርጎ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ ወጣ። ድንቢጥ አፍንጫዋ ስክሪኑ ላይ ነው። ሰውዬው ደረቱን ነፋና ፊሽካውን ነፋ።

ድንቢጥስ ቀና አለች። ችግሩ መንገዱም ቀና ማለቱ ነው። ከታች የዳቦ መኪናው ፍሬን ያዘ፤ ከኋላው ብስክሌተኛው ወደቀ አልወደቀም እያለ ቆመ፤ ከእሱ ኋላ ታክሲው፣ ከታክሲው ኋላ ሌላው። ጥሩንባ በጥሩንባ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ በአረፋ ከተሸፈነ ደንበኛው ጋር ወጥቶ ቆመ። ፊሽካ ደግሞ ድንቢጥን ረስቷት ከበረንዳው ላይ መንገዱን መምራት ጀመረ።

"አንተ ነጩ፣ ወደ ኋላ! ብስክሌት፣ ጥግህን ያዝ!"

የዳቦ መኪናው ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየ። "አባባ፣ እዚያ ሰማይ ላይ ምን ያደርጋሉ?"

"ሥራ ላይ ነኝ!"

ድንቢጥ መስኮቱ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እኔ "ዓይንሽ ይረጥባል፣ ሳቂ" እላታለሁ። በመጨረሻ ከማዕዘኑ እውነተኛዋ የመንገዱ ትራፊክ መጣች፤ ቀጭን፣ ቁጡ ልጅ ናት። ወደ ላይ አንጋጠጠችና "አባባ፣ ያቺ ፊሽካ እርስዎ ኪስ ትግባ፤ አለበለዚያ እኔ ኪስ ትገባለች" አለችው። ሰላምታ ሰጥቶ ከተታት።

ያለ ፊሽካው ድምፅ ደግሞ ድንቢጥ ቀና አትልም። የድስት ክዳን እንዲመታ ብጠይቀው "እኔ? ክዳን?" ብሎ ተቀየመኝ። ሲያናድደኝ ክፍሏ ውስጥ የስፌት መኪናዬን አምጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ፤ ቢያንስ አጠገቧ ሆኜ ልጎስማት ብዬ ነው። እየሰፋሁ ሳለ ክሩ ተበጠሰ። መኪናው ዝም አለ።

ድንቢጥ አንገቷን አቀናች። "እማማ፣ ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ለምን ጠየቅሽ?"

"ዝም አልሽ እኮ።"

ሃይ! አልኩ በሆዴ። "ቀና በይ!" እያልኩ ስጮህ የማትሰማ ልጅ ዝም ስል ሰማች። ከዚያ ወዲያ ሥራችን መልክ ያዘ። እኔ ፊቴን ወደ ማዶ አድርጌ እሰፋለሁ። ፊሽካ በረንዳው ላይ ሲወጣ እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳለሁ። ዝምታው ይወርዳል። ድንቢጥ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትመጣለች፣ ማዶ ታያለች።

"ቁም!" ትላለች። እሱ ክንዱን ያወርዳል።

"ወደ ግራ!" ራሱን ይነቀንቃል፤ ትክክል።

"ይሄኛው ደግሞ ምንድነው?" አለችኝ አንድ ቀን። ሰውዬው ሆዱን እያሻሸ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል።

"ምሳ በልቼ ጠግቤያለሁ ነው የሚለው" አልኳት። "ይህ በመንገድ ሕግ የለም።"

እሷም መልስ ትልክለት ጀመር። ክንፍ ታራግባለች፤ ዶሮዋ ድልድዩን ተሻገረች ማለት ነው። ጆሮ ሠርታ ታሳየዋለች፤ አህያው አሁንም ወራጅ አለ እያለ ነው ማለት ነው። ታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኞቹን ወደ ደጅ እያስወጣ ያሳያቸዋል፤ ግማሽ ፀጉር የተቆረጠ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። ራስ ምታቱም መቅለል ያዘ። በአንድ ቀን አልጠፋም፤ አልዋሽም። ግን መጀመሪያ ጠዋቱን ለቀቀ፣ ቀጥሎ ከሰዓቱን፣ ከዚያ ሲመጣም እንደ ተጋበዘ እንግዳ ሳይሆን እንደ ተሳሳተ ሰው በሩን ነክቶ ይመለስ ጀመር።

የማስረከቢያው ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ድንቢጥ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ተቀመጠች። የመጨረሻው ቦታ ቀርቷታል፤ አውቶቡሱ ይደርሳል፣ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ይወርዳሉ፣ አህያው ብቻ መውረድ አይፈልግም።

"ዛሬ ማዶ የለም፣ እማማ" አለችኝ። "ዛሬ ብቻ ተዪኝ። ካቆምኩ አልጨርስም።"

"ካላቆምሽም አትጨርሺም።"

"እማማ!"

ተውኳት። ሰፋሁ። ሰውዬው ዝናቡ ውስጥ ወጣ፣ እኔም እግሬን አነሳሁ። ዝምታው ወረደ። ድንቢጥ አልተነሳችም። ጥቂት ቆይቶ ግራ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ግንባሯ ሲሄድ አየሁ፤ ያን የተረገመ አካሄድ አውቀዋለሁ። ትከሻዋ ወጣ፤ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ የሠራችውን ሰረዘች። እንደገና ሠራች። እንደገና ሰረዘች። ላፕቶፑን ልከድነው እጄ አሳከከኝ። ግን ሥራው የእሷ ነው፤ እኔ ስሰፋ ጨርቄን የሚነጥቀኝን ሰው በመቀስ ነው የምቀበለው።

ማዶውን አየሁ። ሰውዬው ጃንጥላ የለው፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ መዳፉን ወደ እኛ ዘርግቷል፤ ቁም። ኮፍያው እንደ አሸንዳ ይንጠባጠባል። ይግቡ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልገባም። ቁም ያለው ነገር ካልቆመ እጁ አይወርድም።

"አንቺ ልጅ" አልኩ። "ሰውዬው በብርድ ሊሞትብሽ ነው።"

"ማን?"

"ማን ይሆናል? ቁም የሚልሽ ነዋ!"

አንገቷን አቀናች። አየችው። አፏን ከፈተች፣ ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችና ፊቷን ዝናቡ ውስጥ አወጣችው።

"ቆሜያለሁ!" ብላ ጮኸች። "ይግቡ!"

ክንዱ ወረደ። እሷ ግን አልተመለሰችም። ከሰውዬው በላይ፣ ከውኃ ታንከሩ በላይ፣ መንገዱ ታጥፎ ወደሚጠፋበት፣ ደመናው ሊገለጥ ወደሚሞክርበት ወዲያ ማዶ አየች። ዝናቡ ሽፋሽፍቷ ላይ እያረፈ ዓይኗን ያርገበግባታል። እኔ ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም ያልኩበት ቀን በቤታችን ታሪክ ይጻፍ። ስትመለስ ፎጣ ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ጋደም አለች፣ ጠብታዋን አደረገች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ተመለሰች።

"አህያው ለምን እንደማይወርድ አሁን ገባኝ" አለች። "በመስኮት እያየ ነዋ!"

ከዚያ በኋላ እጇ ግንባሯ ጋ አልሄደም። በየመሀሉ ራሷ እየተነሳች ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እኔ መኪናዬን አላቆምኩም፤ አላስፈለገም። የመሥሪያ ቤት ሰው ቦርሳውን ይዞ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት ጣቷን ከፍ አድርጋ አንዴ ነካችውና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች።

"ላክሁት፣ እማማ።"

"ራስሽስ?"

ነካ ነካ አደረገችው፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚፈትሽ ሰው። "የለም" አለች። "ማለቴ አለ፤ ሕመሙ ነው የሌለው።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ቆማ ሰማች። "እሺ… እሺ… አዎ… አመሰግናለሁ…" ፊቷ አያስታውቅም፤ እኔ መርፌውን በአፌ እንደያዝኩ ቀረሁ። ስልኩን ዘጋችና፣ "አህያውን ደግመው ደግመው አዩት አሉኝ። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ሠራተኛቸው ነኝ" አለች። ከዚያ ወገቤን ይዛ አሽከረከረችኝ፤ መርፌዬን ልውጥ ነበር። በመስኮቱ ብቅ ብላ "ተቀጠርኩ!" ብላ ለመንገዱ ሁሉ ነገረችው። ፀጉር አስተካካዩ እልል አለ። ከማዶ የመለሰልን ማስነጠስ ነው፤ ሰውዬው ብርድ መቶት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ትኩስ ሾርባ ይዤለት ሄድኩ። "እትዬ፣ ሰኞ ሥራ አለ?" አለኝ በታፈነ አፍንጫ። "መጀመሪያ አፍንጫዎን ያስቁሙ" አልኩት።

ስመለስ ለልጄ ደወልኩለት። ይህን ለራሴ ነው ያስቀመጥኩት፤ ድንቢጥ እንድትነግረው አልፈቀድኩም።

"ለባንኮኒህ ሌላ ሰው ፈልግ" አልኩት።

መደብሩ ውስጥ ሰው ቀለም ሲጠይቀው ይሰማኛል። ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀው። "አስረከበች?"

"አስረከበች። ወደዱትም። ዓይኗም አለ፣ ራሷም አለ።"

"እሰይ!" አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። "እሰይ እማዬ! እኔ እኮ ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ማታ እመጣለሁ። ኬክ ይዤ እመጣለሁ።" ከዚያ ትንሽ አመነታና፣ "እማዬ፣ እኔንም እኮ ሰሞኑን ራሴን ያመኛል" አለኝ።

"ምን እያየህ?"

"ደንበኛ ሲጠፋ ስልኬን።"

"ዝጋውና ና" አልኩት። "በእግርህ ና። መንገዱን እያየህ።"